የኮድ ጓዳ ወሬ ከሐረር

ጠጋ በሉ፤ ይሄ ጮክ ተብሎ የሚወራ አይደለም። ሸንኮር ውስጥ ጠባብ ቢሮ ተከራይተን ለመድኃኒት ቤቱ፣ ለእንግዳ ማረፊያው፣ ለጅምላ ነጋዴው ሶፍትዌር የምንሠራ ልጆች በርጫው ሞቅ ሲል የምንጨቃጨቀው ስለ ዳታቤዝ ወይም ስለ ሰርቨር ይመስላችሁ ይሆናል። ስለ ስፔስ ነው። አንዱ መስመር ወደ ውስጥ ሲገባ ሁለት ስፔስ ይበቃል ይላል፤ ሌላው አራት ካልሆነ ዓይኔ አይለየውም ይላል፤ ሦስተኛው «ኧረ አቦ! ታብ እያለ ምን አስጨነቃችሁ?» ብሎ ሁለቱንም ያስነሳል። ከዚያ አንዱ የሌላውን ፋይል ከፍቶ አንዲት ቃል ሊያርም ይገባና ሙሉ ገጹን በራሱ አሰላለፍ ደርድሮ ይወጣል። ማታ ሪቪው የሚያደርገው ሰው መቶ ምናምን መስመር ተቀይሮ ያገኛል፤ እውነተኛው ለውጥ ግን አንድ መስመር ነው። የዋጋ ስሌት የሚያዛባ ስህተት ሾልኮ የሚያልፈው እንዲህ ባለው ጫጫታ መሀል ነው።

መድኃኒቱ ፎርማተር ነው፤ ፋይሉን ሴቭ ባደረጋችሁ ቁጥር ኮዱን በአንድ ወጥ መልክ መልሶ የሚያሰልፍ ፕሮግራም። የማስተማሪያ ቪዲዮዎቹ በሁለት ደቂቃ ያሳዩትና ያልፉታል፦ ኤክስቴንሽኑን ጫን፣ «ፎርማት ኦን ሴቭ» የምትለዋን ሳጥን ምልክት አድርግ፣ አለቀ። በእንግሊዝኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው እውነትም አለቀ። እኛ ጋ ግን ኮዱ ውስጥ የሚገባው ጽሑፍ ብዙ ነው። የሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎች ሐረሪና አፋን ኦሮሞ ናቸው፤ ገበያው ደግሞ በአማርኛም ይሠራል። ስለዚህ «ክፈል» የምትል አንዲት በተን ሦስት ስም ይዛ ነው የምትዞረው፦ ሐረሪው በፊደል፣ ኦሮምኛው በቁቤ፣ አማርኛው እንደገና በፊደል። ፎርማተሮቹን የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡትም፤ ማሰብም አይጠበቅባቸውም ነበር። የሚያስቸግረውን ቦታ ማወቅ የእኛ ሥራ ነው።

መጀመሪያ ግን ብዙ ሰው የሚስተውን ነገር ላንሳ። ፎርማተር የጻፋችሁትን «አያስተካክልም»። ኮዱን አንብቦ ትርጉሙን ብቻ ይይዛል፣ እናንተ የደረደራችሁበትን መልክ በአብዛኛው ይጥለዋል፣ ከዚያ ከዜሮ ጀምሮ በራሱ ደንብ እንደገና ይጽፈዋል። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ ያደረገው የጎ ቋንቋ ከራሱ ፎርማተር ከጎፍምት ጋር ነው የሚመጣው፤ ጎፍምት ስለ መልክ የሚያስመርጣችሁ ምንም ነገር የለውም። ጄምስ ሎንግ ፕሪቲየርን እ.ኤ.አ. በ2017 ለጃቫስክሪፕት አወጣ፤ ሉካሽ ላንጋ ብላክን በ2018 ለፓይተን። ሦስቱም የምርጫ ቀበኛ አይደሉም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ነደባው፣ ማለትም የመቀመጫው መደብ፣ በደረጃ የተሠራ ነው፣ አሚር ነደባ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ ጊዲር ነደባ ላይ ማን እንደሚያርፍ የታወቀ ነው፣ ስለዚህ እንግዳ በመጣ ቁጥር ስለ መቀመጫ ክርክር አይነሳም። አንድ ቡድን የፕሪቲየርን ምርጫዎች አንድ በአንድ ሲቀያይር ካያችሁ ግን ጠቡ አልበረደም፤ ወደ ሴቲንግ ፋይሉ ገባ እንጂ። የኔ ምክር አጭር ነው፦ ነባሪውን ደንብ እንዳለ ውሰዱት። አስቀያሚ ነው ካላችሁም ውሰዱት።

እንግዲህ ወደ ጓዳው እንግባ።

ፎርማተር ዝም ብሎ ነው የሚሞተው። ኮዱን አንብቦ መጨረስ ካልቻለ እንደገና ሊጽፈው አይችልም፤ ስለዚህ ምንም አይነካም። አዲስ የመጣ ልጅ ሴቭ ይጫናል፣ ምንም አይለወጥም፣ እንደገና ይጫናል፣ ከዚያ «ኤክስቴንሽኑ ተበላሽቷል» ብሎ አውጥቶ መልሶ ይጭነዋል። የኔት ካርዱ በዚህ ያልቃል። እኛ ጋ ከአሥሩ ዘጠኙን ጊዜ ጥፋቱ የኤክስቴንሽኑ አይደለም፤ የኪቦርዱ ነው። የአማርኛውን መልእክት ጽፎ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ሳይመልስ ኮለን ሲጫን የሚወጣለት ሁለት ነጥብ ነው። እስቲ እነዚህን ሁለቱን እዩ፦ «:» እና «፡»። ስክሪን ላይ ማን ይለያቸዋል? ኮምፒውተሩ ግን ይለያል፤ አንዱ የኮድ ምልክት ነው፣ ሌላው የግዕዝ የቃል መለያ። ኮማውም እንዲሁ «፣» ይሆናል፣ ሰሚኮለኑም «፤»። በዚህ በኩል ፓይተን ደግ ነው፤ ያልተፈቀደውን ምልክት ከዩኒኮድ ቁጥሩ ጋር ጽፎ ይነግራችኋል፣ የሁለት ነጥብ ቁጥር 1361 ነው። ፕሪቲየር ግን ስህተቱን የሚጽፈው አውትፑት በሚባለው መስኮት ነው፤ ያንን መስኮት ደግሞ ማንም አይከፍተውም። ስለዚህ እኛ ቤት ደንቡ ይህ ነው፦ ሴቭ አድርገህ ኮዱ ካልተንቀሳቀሰ ፎርማተሩን አትንካ፣ መጀመሪያ አውትፑቱን ክፈት። እንዲያውም አንዳንዶቻችን ሆን ብለን የተንጋደደ መስመር እንጽፍና ሴቭ እናደርጋለን፤ ከተቃና ፋይሉ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ከኮምፓይለር የፈጠነ ሐኪም ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ መብራት ነው። መብራት ሲጠፋ ሥራው እንዳይጠፋ ብሎ ኤዲተሩን ቪኤስ ኮድን በራሱ ሴቭ እንዲያደርግ የሚያስተካክል ብዙ ነው፤ ልክም ነው። ነገር ግን «ኦቶ ሴቭ» ላይ «አፍተር ዲሌይ» የሚለውን የመረጠ ሰው ፋይሉ በራሱ ሴቭ ሲሆን ፎርማት አይደረግለትም። ብልሽት አይደለም፤ ገና እየጻፋችሁ ሳለ መስመሩ ከእጃችሁ ሥር እንዳይሸሽ ታስቦ የተደረገ ነው። ፎርማት የሚደረገው በእጃችሁ ስትጫኑ ብቻ ነው። በራሱ ሴቭ ስለሚሆን ደግሞ በእጁ የሚጫን የለም። ውጤቱን ገምቱት፦ ሳጥኗ ምልክት ተደርጎባታል፣ ኤክስቴንሽኑ አለ፣ ኮዱ ግን እንደ ድሮው ተዝረክርኮ ይኖራል። መፍትሔው ኦቶ ሴቩን ማጥፋት አይደለም። «ኦን ፎከስ ቼንጅ» ወደሚለው አዙሩት፤ ከፋይሉ ወደ ሌላ በወጣችሁ ቁጥር ሴቭም ያደርጋል፣ ፎርማትም ያደርጋል። አሮጌ ባትሪ ያለው ላፕቶፕ የያዘ ልጅ ግን አፍተር ዲሌዩን አይለቅም፤ እንግዲያው ኮንትሮል ኤስን ጣቱ ይልመድ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፤ ወደ ፊደል ገበታው። እዚህ አገር ደንበኛ የሚፈልግ ሶፍትዌር የሠራ ሰው አንድ ችግር ሳይገጥመው አይቀርም። ሐሰን የሚል ስም አንዱ ጸሐፊ በሐመሩ ሐ፣ ሌላው በሃሌታው ሀ ይመዘግበዋል፤ አሕመድም እንዲሁ። ሰውየው መድኃኒት ሊወስድ ይመጣና መዝገቡ «የለህም» ይለዋል። ስለዚህ ኮዱ ውስጥ ፊደሉን በሙሉ ደርድረን፣ ድምፃቸው አንድ የሆነውን ወደ አንድ የሚመልስ ሠንጠረዥ እናስቀምጣለን። ሠላሳ ሦስት ረድፍ፣ ሰባት ዓምድ፤ ልክ ልጅ ሆነን ግድግዳ ላይ እንዳየነው። ጥሩ ሆኖ የተሰለፈ ከሆነ በዓይን ብቻ ይመረመራል፤ የሠ ቤት ራብዑ ከጎደለ ቀዳዳው ይታያል። ከዚያ አንድ ቅን ልጅ ፎርማተሩን ያበራል። ሴቭ። ፎርማተሩ ያንን ሁሉ አንድ ረጅም ዝርዝር አድርጎ ያያል፤ በአንድ መስመር አይገባም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን ፊደል በየራሱ መስመር ያወርዳል። 231 መስመር። ሀ፣ ሁ፣ ሂ እያለ ገጽ ከገጽ ይወርዳል። የጎደለውን ፊደል በዓይን መፈለግ ከእንግዲህ አይታሰብም።

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ፎርማተሩን በሙሉ ያጠፋዋል፤ ትልቁ ኪሳራ ያ ነው። በየመሣሪያው «ይህን አትንካ» የሚባልበት መንገድ አለ፤ በፕሪቲየር ከሠንጠረዡ በላይ «ፕሪቲየር ኢግኖር» የምትል ኮሜንት፣ በብላክ ደግሞ ከላይና ከታች «ኤፍኤምቲ ኦፍ» እና «ኤፍኤምቲ ኦን»። ጎፍምት እንዲህ ያለ ምልክት አያውቅም፤ ነገር ግን እናንተ መስመር የቆረጣችሁበትን ቦታ ስለሚያከብር ገበታው አይፈርስበትም። እኔ ግን ኢግኖር አልወድም። በበዛ ቁጥር የፎርማተሩ ሥልጣን ይቀንሳል፤ ዛሬ ለፊደል ገበታ የተፈቀደው ነገ ለሰነፍ ኮድ ይሆናል። የተሻለው ገበታውን መልኩን በማያጣበት መንገድ መጻፍ ነው። እያንዳንዱን ቤት በራሱ ቅንፍ ውስጥ አስገቡት፤ ሰባት ፊደል በአንድ መስመር በደንብ ስለሚገባ ፕሪቲየርም ብላክም ረድፉን አይበትኑትም። ብላክን የምትጠቀሙ ግን አንድ ነገር ጠብቁ፦ ከሰባተኛው ፊደል በኋላ ኮማ ከቀረ ብላክ «ይህ ሰው ወደ ታች ይዘርዘርልኝ እያለ ነው» ብሎ ይወስደዋል፣ ያንን ቤት ብቻ ነጥሎ ይበትነዋል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ይህ ነው፦ «ሀሁሂሃሄህሆ» ብላችሁ ቤቱን እንዳለ አንድ ስትሪንግ አድርጉት፣ መለያየቱን ኮዱ ራሱ ይሥራው። በጥቅስ ውስጥ ያለውን ፎርማተር አይነካም። ሏ እና ቧን የመሰሉት ዲቃላዎች ሲጨመሩም ረድፉ በአንድ ፊደል ይረዝማል እንጂ ምንም አይናጋም።

የወር ስሞቹም ይህንኑ ዕጣ ይደርሳቸዋል። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አሥራ ሦስቱ በአንድ ዝርዝር ሲቀመጡ ፕሪቲየር በአንድ መስመር ከሚፈቅደው 80 ምልክት ያልፋሉ፤ ብላክም 88 ነው የሚፈቅደው፣ ያንንም ያልፋሉ። ስለዚህ አሥራ ሦስት መስመር ይሆናሉ። ይህንን ግን ተዉት፤ አሥራ ሦስት መስመር ይነበባል።

ወደ ቁቤው ስንመጣ ነገሩ የሚያስቅ ይሆናል። ኦሮምኛ ሁዻ የሚባል ምልክት አለው፣ ቡኣ የሚለውን ቃል በቁቤ ስትጽፉ መሀሉ ላይ የምትገባዋ አናት ላይ የተንጠለጠለች ጭረት። ኮድ ላይ ደግሞ ያችው ጭረት ነጠላ ጥቅስ ናት። ቡድኑ «ነጠላ ጥቅስ እንጠቀም» ብሎ ፕሪቲየር ላይ ቢወስንም ሁዻ ያለበት ስትሪንግ ላይ ፎርማተሩ ሴቭ ሲደረግ ወደ ድርብ ጥቅስ ይቀይረዋል። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ማምለጫ ምልክት የሚያሳንሰውን ጥቅስ ይመርጣል። ስለዚህ የኦሮምኛው ትርጉም ፋይል ግማሹ ነጠላ፣ ግማሹ ድርብ ጥቅስ ይሆናል። አዲሱ ልጅ ይህንን ያይና በእጁ ያስተካክላል፣ ሴቭ ሲያደርግ ይመለሳል፣ ያስተካክላል፣ ይመለሳል። ይህም ምንም አይደል። የከፋው ብልህ ነኝ የሚለው ነው፤ እሱ ሁዻዋን ራሷን ወደ ተጠማዛዛው ጥቅስ ይለውጣታል፣ ፋይሉ ያምርለታል፣ ፎርማተሩም ዝም ይላል። ከዚያ ገዢው በስልኩ ቀጥተኛዋን ጭረት ጽፎ ቃሉን ሲፈልግ አይገኝም። ምልክቶቹ ለዓይን ይመሳሰላሉ እንጂ ለኮምፒውተሩ ሁለት ናቸው። ለመልክ ብሎ ይዘት መንካት ይሄ ነው። ትርጉሞቹን ከኮዱ አውጥታችሁ ጄሰን ፋይል ውስጥ ብታስቀምጧቸው ክርክሩ ራሱ ይጠፋል፤ ጄሰን ከድርብ ጥቅስ ሌላ አያውቅም።

ስለ ስፋትም በሹክሹክታ ልናገር። ፎርማተር መስመር ሲለካ የግዕዝ ፊደልን እንደ ላቲን አንድ ቦታ አድርጎ ይቆጥራል። ስክሪናችን ላይ ግን ኤዲተሩ የመረጠው የኮድ ፎንት አብዛኛውን ጊዜ ፊደላችን የለውም፤ ከኒያላ ወይም ከኖቶ ይበደራል፣ የተበደረው ፊደል ደግሞ ከላቲኑ ይሰፋል። ስለዚህ አማርኛ ስትሪንግ ባለበት መስመር መጨረሻ ላይ ኮሜንት የምትጽፉ ሰዎች፣ ጎፍምት አሰልፎላችሁ እንኳ ዓይናችሁ የተንጋደደ ነው የሚያየው። ፎርማተሩ ቆጥሮ ልክ ነው፣ ዓይናችሁም ልክ ነው። ኮሜንቱን ከመስመሩ በላይ ጻፉት።

አሁን ስለ ሴቲንጉ ቦታ። ሰው የራሱን ኤዲተር አሳምሮ «ጨረስኩ» ይላል። አልጨረሰም፤ የራሱን ማሽን ነው ያሳመረው። ደንቡ መኖር ያለበት ፕሮጀክቱ ውስጥ፣ ከኮዱ ጋር ኮሚት ተደርጎ ነው። ዶት ኤዲተርኮንፊግ የምትባለው ትንሽ ፋይል ስለ ስፔስና ስለ መስመር መጨረሻ ለሚያነቧት ኤዲተሮች ሁሉ ትናገራለች፤ ቪም ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ የሚል ሰው ደግሞ በየቢሮው አንድ አይጠፋም፣ እሱም ይገዛላታል። ፕሪቲየርም ያነባታል። ከዚያ የፎርማተሩ ቨርዥን። እዚህ ላይ የእኛ አገር ኑሮ ይገባል፤ ኔት ስለሚቆጠር ኤክስቴንሽን በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ይዘዋወራል፣ የአንዱ የዘንድሮ ነው፣ የሌላው የካቻምና። ፕሪቲየር በ2023 ሦስተኛውን ቨርዥን ሲያወጣ በፈንክሽን አርጉመንቶች ዝርዝር መጨረሻ ላይ የምትቀረዋን ኮማ አስመልክቶ ነባሪውን ደንብ ቀየረ። አሮጌው ያለው ልጅ ኮማዋን ያወጣል፣ አዲሱ ያለው ያስገባል፣ ሁለቱም ሴቭ እንጂ ሌላ አልተጫኑም። ኮማ ስትገባና ስትወጣ ብቻ የሚሞላ የኮሚት ታሪክ አይቻለሁ። ፕሪቲየርን ፕሮጀክቱ ውስጥ በቁርጥ ቨርዥን ጫኑት፤ ኤክስቴንሽኑ እዚያ ካገኘው የራሱን ትቶ ያንን ይጠቀማል።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ነገ ሄዶ አሮጌ ፕሮጀክት ላይ ያበራዋል ብዬ ስለምሰጋ፣ ዋናውን ወሬ ላውጣ። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በሦስተኛው ቨርዥን ነው። ከዚያ በፊትም፣ ከዚያ በኋላም ብዙ ዓመት፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሰሎቹ ፎንቶች ስንጽፍ ኮምፒውተሩ የሚያስቀምጠው የላቲን ኮድ ነበር፤ ፊደል የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። በዚያ ዘመን የተሠሩ የሂሳብ ፕሮግራሞች ዛሬም በየሱቁ አሉ፣ የደረሰኙ ጽሑፍ ኮዱ ውስጥ በዚያው እንደተጻፈ። የዛሬ ኤዲተር እንዲህ ያለውን ፋይል ዩቲኤፍ 8 ነው ብሎ ይከፍተዋል፤ ያልገባውን ባይት ሁሉ ጥያቄ ምልክት ባለባት ጥቁር አልማዝ ይተካዋል። መክፈቱ ብቻ ጉዳት የለውም። ሴቭ ሲደረግ ግን አልማዟ ትጻፋለች፣ የነበረው ባይት ይሞታል። ፎርማት ኦን ሴቭ ያለበት ሰው ደግሞ ሴቭ ለማድረግ አያመነታም። ከዚያም የከፋው በኮማንድ መስመር ፕሪቲየርን «ፎልደሩን በሙሉ ጻፈው» ማለት ነው፤ አንዲት ትእዛዝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ጊት ያለው ወደ ኋላ ይመለሳል። የሌለው የድሮ ደረሰኝ ከመዝገብ ቤት አውጥቶ እየተመለከተ ጽሑፉን እንደ አዲስ ይጽፋል። ስለዚህ አሮጌ ፕሮጀክት ስትረከቡ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ኮፒ ያዙ፣ ፋይሉን በትክክለኛው ኢንኮዲንግ ክፈቱ፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መልሱ፣ በዓይናችሁ አንብቡት፣ ከዚያ ብቻ ፎርማተሩን አብሩ።

ያ ትልቁ የማስተካከል ኮሚት ለብቻው ይሁን። አንድም ባግ አትረሙበት፣ አንድም ስም አትለውጡበት። ከማንም ሥራ ጋር እንዳይጋጭ ማንም ኮድ በማይነካበት ቀን አድርጉት፤ እኛ የሹዋሊድ ዋዜማን እንመርጣለን፣ ዩኔስኮ በ2023 የመዘገበው በዓላችን ነው፣ ከተማው በዚያን ምሽት ፑል ሪኩዌስት አያይም። ከዚያ የኮሚቱን ቁጥር «ጊት ብሌም ኢግኖር ሬቭስ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ጻፉት፤ ፋይሉን በጊት ሴቲንግ ካሳያችሁት፣ ጊት ከ2.23 ጀምሮ ይህንን ያውቃል። ካልጻፋችሁት «ይህን መስመር ማን ጻፈው?» ተብሎ በተጠየቀ ቁጥር የእያንዳንዱ መስመር ባለቤት ፎርማተሩን ያስኬደው ልጅ ይሆናል፤ የአምስት ዓመት ስህተት ሁሉ በእሱ ስም ይመጣል።

ክፍያውን በተመለከተ፦ ለነጋዴ «የኮድ ፎርማት» ብላችሁ ብትጽፉለት ኮምፒውተሩን ፎርማት ልታደርጉበት መስሎት ይደነግጣል፣ ዳታዬ ብሎ ይጮሃል። እኛ ደረሰኙ ላይ «ጥገና» ብለን ነው የምናስገባው።